ከወደቀ በኋላስ

ጥቅምት 6

ለወንድሜ ሚስት፣ ለእህቴ፤

መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። ደብዳቤሽን የሲኒማ ቤታችን ጸሐፊ መሳቢያዋ ውስጥ ከታው ረስታው ኖሮ፣ ትናንት ማስቲካ ስትፈልግ ነው ያገኘችው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ይዞኛል፤ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ቲኬት መቅደድ ያመጣው ነው እንጂ ሌላ አይደለም። እማዬም ደህና ናት።

ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ ፊልሙ መጥቷል። ፖስተሩን ሰኞ ሰቀሉት። ጭምብል ያጠለቀው ሰውዬ ከከተማው በላይ ቆሟል፣ ካባውን ነፋስ ይዞታል። ከጭምብሉ ሥር ያለው አገጭ የዋናው ተዋናይ ነው። ትከሻው ግን የወንድሜ ይመስለኛል። ስለፈለግሁ ይሆናል እንዲህ የመሰለኝ።

በተዋናዩ ፈንታ እየዘለለ እየወደቀ የሠራው የእኛ ላስቲክ፣ ወንድሜ፣ መሆኑን ሥራ ቦታ ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ኖሮ የቲኬት ሻጯ "እስቲ ወንድምሽ የቱ ጋ ነው?" እያለች መቆሚያ መቀመጫ ታሳጣኝ ነበር።

እማዬ ግን ሰምታለች። ከእኔ አይደለም። ከቤታችን ሥር ያለችው ባለሱቅ "ልጅሽ የሚዘልበት ፊልም መጣ" ብላ አበሰረቻት። ከዚያ ወዲህ የምትለብሰውን ቀሚስ አውጥታ ወንበር ላይ ሰቅላ እየዞረች ታየዋለች። "መቼ ነው የምትወስጂኝ?" ትለኛለች። "ወረፋ አለው" እላታለሁ። ወረፋ የለውም። አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው።

አንቺም ታውቂያለሽ፣ እማዬ ምንም አታውቅም። ልጇ በክረምቱ መግቢያ ያንን ፊልም ሲሠራ ወድቆ ወገቡ መሰበሩን አልነገርናትም። ሥራ በዝቶበት እዚያው እንደቀረ ነው የምታውቀው። እሱም በየእሑዱ እየደወለ ይህንኑ ይነግራታል። እኔ ሆስፒታል ልጠይቀው ስመጣ እንኳ "ለሥልጠና ነው የምሄደው" ብያት ነው። ለቲኬት ቀዳጅ ምን ዓይነት ሥልጠና እንደሚሰጥ እንጃ። አልጠየቀችኝም።

አሁን ታዲያ ሲወድቅ ልታየው ነው። ልውሰዳት ወይስ እንደምንም ላዘናጋት? እሱን ጠይቂውና ጻፊልኝ። ስልክ አትደውዪ። ቤታችን በመጋረጃ የተከፈለች አንዲት ክፍል ናት፤ እማዬ ደግሞ ዓይኗ ደከመ እንጂ ጆሮዋ አልደከመም።

እህትሽ


ጥቅምት 14

ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ሲቆሙ አንዱን እግርዎን ከፍ ያለ ነገር ላይ ያሳርፉት። እኔም መነጽር ቤቱ ባንኮኒ ጋ ስቆም እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ይረዳል።

ቀደም ባለው ደብዳቤዎ ስለ ምግቡ ለጠየቁኝ፣ ይበላል። ያቀረብኩለትን ሁሉ ይጨርሳል። ጣመኝ አልጣመኝ አይልም። አንድ ቀን ወጡ አርሮብኝ ነበር፤ እሱ ጨርሶ ሳህኑን ካስቀመጠ በኋላ እኔ ራሴ ስጎርስ ነው ያወቅሁት።

ስለ እግሩም ጠይቀዋል። ባለፈው ደብዳቤ ሳልመልስ ያለፍኩት ረስቼ አይደለም። ሐኪሙ ያለው ያው ነው። ከወገቡ በታች አይሰማውም፤ ወደፊትም ይሰማዋል ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገርም። ይህን ስጽፍልዎት ምንም አልተሰማኝም። በኋላ ይመጣ እንደሆን አላውቅም።

ሥራ ተመልሻለሁ። ጠዋት ጠዋት ፎቅ ላይ ያሉት ጡረታ የወጡ ነርስ ይወርዱና አብረን አንስተን ጎማ ያለው ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ወደ መስኮቱ እናዞረዋለን። መስኮቱ የሚያሳየው የሰው ጣሪያና የተሰጣ ልብስ ነው። ማታ ስመለስ እዚያው ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው መነጽር ብሎን ሳጠብቅ እውላለሁ። ጥሩ ሥራ ነው። ብሎኗ ትንሽ ስለሆነች ሌላ ነገር ማሰብ አይቻልም።

ፊልሙ እኛም ጋ መጥቷል። እኔ አልነገርኩትም ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረው ሹፌር ቅዳሜ ሳይደውል መጣና "ና፣ ሥራህን እይ" ብሎ በመኪናው ወሰደው። እኔ አልሄድኩም። ሲመለሱ ሹፌሩ ከበሩ ሳያልፍ "ባልወስደው ይሻል ነበር" ብሎኝ ሄደ። ኮቱን ሳወልቅለት፣

"ህልም አደረጉት" አለ።

"ምኑን?"

"ዝላዩን። ሰውዬው ከጣሪያ ይወድቅና አልጋው ላይ ይነቃል። ህልም ነበር ማለት ነው።"

ከዚያ እራት አቀረብኩ፣ በላን። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

እማማን በተመለከተ ጠይቄዋለሁ። "ትየው፣ የሠራሁት ሥራ ነው" ብሏል። እኔ ባያዩት እመርጥ ነበር። እንግዲህ እርስዎ የሚሻለውን ያድርጉ።

አክባሪዎ


ጥቅምት 23

እህቴ፤

ይህን የምጽፍልሽ ከቲኬት መሸጫው ኋላ ተቀምጬ ነው። ፊልሙ እየታየ ነው፣ ሙዚቃው በግድግዳው አልፎ ይመጣል። ሰውዬው ሊዘል ሲል ሙዚቃው ይቆማል፤ ስለዚህ ዝም ሲል አውቃለሁ። መጀመሪያ ቀን ወደ መጸዳጃ ቤት ሸሽቼ ነበር። አሁን እያዛጋሁም ያልፋል።

ስለ እግሩ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ወደ ሌላው ልለፍ።

ፊልሙን ስላላየሽው ላውጋሽ። ሰውዬው አውቶቡስ ነጂ ነው። ምሳውን ከመቀመጫው ሥር ይዞ የሚዞር ተራ ሰው። ማንም ሳያውቅ ይበርራል፤ የሚወድቅ ሰው ካለ አየር ላይ ይቀልባል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው፣ ሰውም ፈንዲሻውን ረስቶ ያያል። መሀል ላይ ኃይሉ ይጠፋል። ለምን እንደጠፋ አይነገርም። ልሞክረው ብሎ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ይዘላል፣ ይወድቃል። ከዚያ አልጋው ላይ በላብ ተጠምቆ ይነቃል። በማግስቱ ኃይሉ ተመልሷል። ለምን እንደተመለሰ አይነገርም። ከዚያ እስኪያልቅ ድረስ ሕንፃ ማፍረስ ነው። አውቶቡሱ የት እንደቀረ፣ ተሳፋሪዎቹ ምን እንደሆኑ ጠያቂ የለም።

ሰው ሲወጣ በሩን ይዤ ስለምቆም የሁሉንም እሰማለሁ። አንዱ "ጸሐፊው ሲጨንቀው አስተኛው" አለ። አንዲት ሴትዮ "ይቺ ፍቅረኛው የተባለችው ቀና ብላ ከማየት ሌላ ሥራ የላትም?" አለች። ፊልሙን የሚያጫውተው ሽማግሌ ደግሞ "ገንዘቡን ለፍንዳታ ጨርሰው ለታሪክ አጡ" ይላል። ሁሉም የየራሱ እርማት አለው። እኔ በሩን ይዣለሁ።

እማዬን ወሰድኳት። መጨረሻ ረድፍ፣ መተላለፊያው ጥግ አስቀምጬ ከጎኗ ቆምኩ።

"የቱ ነው የኔ?" ትለኛለች በየመሀሉ።

"ሲዘል ያንቺ ነው። ሲያወራ ሌላ ሰው ነው" አልኳት።

"እንዲያውም ይሻላል፤ ይኼኛው ሲያወራ ያፈዛል" አለች።

ጣሪያው ላይ ሲወጣ ከፊቷ ያለውን ወንበር ጀርባ ያዘች። ወደቀ። ሰውዬው አልጋው ላይ ነቅቶ ላቡን ሲጠርግ ከፊታችን ያሉት ጎረምሶች ሳቁ። እማዬ ወደኔ ዞረች።

"ከወደቀ በኋላስ?"

"ህልም ነው እማዬ።"

"እሱን አየሁ። ከወደቀ በኋላስ?"

እስኪያልቅ ተቀመጠች። ቤት ስንገባ ቀሚሷን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ መለሰችና "ልጄ ደህና አድርጎ ወድቋል። ያልቻለበት የጻፈው ሰውዬ ነው" አለች። ከዚያ ራት ጠየቀችኝ።

እህትሽ


ኅዳር 1

ለእትዬ፤

በደህና ይክረሙልኝ። ቶሎ ያልጻፍኩት መነጽር ቤቱ ውስጥ ቆጠራ ስለነበረ ነው። ሁለቱም ወረቀቶችዎ ደርሰውኛል፤ ረጅሙም፣ በማግስቱ የላኩት አጭሩም።

በአጭሩ ላይ የጠየቁኝን፣ ፊልሙ ላይ የገባው የተሰበረበት ዝላይ ነው ወይ ያሉትን፣ ጠየቅሁት። መልሶ "እጄ ላይ ጓንት አለ?" አለኝ። "አለ ብለው ጽፈዋል" አልኩት። "እንግዲያ የመጀመሪያው ነው። በሁለተኛው ዳይሬክተሩ እጁ ይታይ ብሎ አስወልቆኛል" አለ።

የመጀመሪያው ዝላይ ደህና ነበር። በአየር የተነፋው ትልቅ ፍራሽ መሀል አርፎ፣ ተነስቶ ሻይ ጠጥቷል። ሁለተኛውን "ለማንኛውም አንዴ እንድገመው" ብለው ነው። ነፋስ ፍራሹን ገፋ አድርጎት ኖሮ ጠርዙ ላይ ወደቀ። ስለዚህ እርስዎም እማማም ያያችሁት ተነስቶ የሄደበትን ነው። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም። እኔም ሳህን እያጠብኩ ነበር፣ ማጠቤን ቀጠልኩ።

የእማማን ጥያቄም ነገርኩት። "ከወደቀ በኋላስ?" ማለታቸውን። ማንኪያውን አስቀመጠ። "እሷ ገብቷታል" አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራት ላይ ፊልሙን ያርመዋል። እትዬ፣ እኔ ያላየሁትን ፊልም አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ያነሳው የኃይሉን ነገር ነው። "ዝም ብሎ አይመለስም፤ የጠፋ ነገር ዝም ብሎ ተመልሶ ያየሁት የለም" አለ። ተሳፋሪዎቹን ሊያስገባ ፈለገ። በየቀኑ የሚያሳፍራቸው ሰዎች ሰውዬው ሳይመጣ ሲቀር ቤቱ ድረስ መጥተው ያንኳኩ አለ። በማግስቱ ጠላትዬውን ከአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ ሁልጊዜ የሚሳፈር፣ ሂሳቡን አመስግኖ የሚከፍል ሰው አደረገው። እኔም እርስዎ በጻፉልኝ በዚያች ተመልካች ሴትዮ ቃል ተነስቼ "ያቺ ሚስኪን ፍቅረኛው ሥራ ይሰጣት" አልኩ።

"ምን ሥራ?"

"መነጽር ትጠግን።"

ፈገግ ያለ መሰለኝ። መብራቱ ከኋላው ስለነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

ሐሙስ ዕለት "ዝላዩን ላውጣው ብዬ ነበር" አለኝ። "ባወጣው ታሪኩ አንድ ነገር አይጎድልበትም። ማንም ልብ አይለውም።" ከዚያ ምግቡ ፊቱ ቀዘቀዘ። ሳህኑን ላነሳ ስል እጄን ያዘና፣

"ዝላዩ ይቆይ። የማወጣው ህልሙን ነው" አለ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ገና ነው።"

ትናንት ደግሞ እሑድ ለእማማ እንደሚነግራቸው ነገረኝ። "ፊልሙን ነው?" አልኩት። "ፊልሙን" አለ። ሌላ አልጠየቅሁም። እርስዎ ግን የዚያን ሰዓት ቤት ቢሆኑ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ


ኅዳር 5

እህቴ፤

ስልኩን አሁን ዘጉ። ቤት ሁኚ ስላልሽኝ ፈረቃዬን ከቲኬት ሻጯ ጋር ተቀያይሬ ቤት ነበርኩ። ከመጋረጃው ኋላ ልብስ እየተኮስኩ ስለነበር የሰማሁት የእማዬን ብቻ ነው። የእሱን አንቺ ጻፊልኝ።

"አየሁት እኮ" ብላ ጀመረች። "አንተ ጎበዝ ነህ። ታሪኩ ግን አልጣመኝም።"

ከዚያ ዝም ብላ ሰማች። "እሺ፣ አንተ ንገረኝ" አለችው። ትራሷን ከጀርባዋ አደላድላ ተቀመጠች።

"አውቶቡሱ ይቆይ፣ አውቶቡሱን ወድጄዋለሁ" አለች። ቀጥላም "ይኼ ይሻላል። ለምን እንዲህ አላደረጉትም?" አለች። አንድ ቦታ ላይ ሳቀች፤ በምን እንደሆነ እንጃ።

"እሺ። ጣሪያው ላይ ወጣ። ከዚያስ?"

ብዙ ቆየች።

"አልነቃም?"

አሁንም ቆየች።

"የማን አልጋ ነው ታዲያ?"

ከዚህ በኋላ "እ" ብቻ ነው የምትለው። "እ።" "እ።" አንዴ እንኳ ድምፅዋን አልለወጠችም። እኔ ካውያውን ከሸሚዙ ላይ ማንሳት ረስቼ ነበር።

"እናትም አለችው?" አለች።

"ምን ብሎ ነው የሚነግራት?"

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየኋት። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳውን ታያለች።

"አይ" አለች። "እሱን ቀይረው። እናትየዋ ታውቃለች። እንደምታውቅ አድርገህ ንገረው።"

ቀጥላ "ምሳ በላህ?" አለችው። የበላውን የነገራት መሰለኝ። "ደግ" አለችና ዘጋች። ስልኩን ቦታው አስቀመጠች፣ ትራሷንም ወደ ቦታው መለሰች።

"አቃጠልሽው" አለችኝ። ሸሚዙን ነው። የሥራ ሸሚዜ ነበር።

አሁን ባለሱቋ ጋ ወርዳለች፣ ሳሙና ልትገዛ። ሳሙና አለን።

እህትሽ


ኅዳር 5

ለእትዬ፤

ዛሬ የሆነውን ሳይውል ሳያድር ልጻፍልዎት ብዬ ነው፤ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ይቅር ይበሉኝ። እማማ ምን እንደሚሉ አልሰማሁም፣ ስልኩ ጆሮው ላይ ነበር። እኔ ከኋላው አልጋ እያነጠፍኩ ነበር።

መጀመሪያ ጥሩ አድርጎ ነበር የነገራቸው። አውቶቡሱን፣ ተሳፋሪዎቹን፣ የኋላ ወንበር ላይ ያለውን ሰውዬ። ሰውዬው ሂሳብ በከፈለ ቁጥር መልሱን "ይቅር" እንደሚል ሲነግራቸው የሳቁ ይመስለኛል፣ እሱም ጠብቋቸው ቀጠለ። ከዚያ ጣሪያው ላይ አወጣው።

"ነፋስ ነበር" አለ። "ዘለለ። ወደቀ። አልጋ ላይ ነቃ፣ ግን አልጋው የሱ አልነበረም። ጣሪያው ነጭ ነው። አንድ ሰው ስሙን ይጠራዋል። እግሬን ፈለግሁት፣ አጣሁት።"

እትዬ፣ "እግሩን ፈለገው" ማለቱ ነበር። አመለጠው። እኔ አንሶላውን እንደያዝኩ ቆምኩ። መልሶ ያርመዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላረመውም፣ ግን ወደ ሰውዬው ተመለሰ።

"ፊልሙ መጀመር የነበረበት ከዚህ ነው፣ እማዬ" አለ። "ሰውዬው መብረር ቀርቶበታል። መቆምም ቀርቶበታል። ከጠዋት እስከ ማታ መስኮት ላይ ነው። ሚስቱ መነጽር ትጠግናለች፣ ደክሟት ትመጣለች፣ ምንም አትለውም። እሱም ምንም አይላትም። ሕንፃ የሚያፈርስ የለም። እናት አለችው፣ ሩቅ ናት። በየእሑዱ ይደውልላትና 'እየበረርኩ ነው' ይላታል።"

እዚህ ላይ ቆመ። ቀጥሎ የሚለውን ያሰበበት አልመሰለኝም። ዝም ብሎ ሰማ። እማማ አጭር ነገር ነው ያሉት፣ ምን እንደሆነ እርስዎ ይጻፉልኝ። "እሺ" አለ። "እሺ፣ እቀይረዋለሁ።" ከዚያ ምሳ ምን እንደበላ ነገራቸው።

አላለቀሰም። እኔም አላለቀስኩም። "ከመስኮቱ አዙሪኝ" አለኝ፣ አዞርኩት። "ደከመኝ" አለ፤ ነርሱን ጠርቼ አስተኛነው። በቀን ሲተኛ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ጎኑ ተቀምጬ ነው የምጽፍልዎት።

አክባሪዎ


ኅዳር 11

እህቴ፤

ደብዳቤያችን መንገድ ላይ ተላልፎ ኖሯል። ያንቺን አነበብኩት። ያንቺን ግማሽ ከኔ ግማሽ ጋር ገጥሜ አየሁት፣ ከዚያ አጣጥፌ አስቀመጥኩት።

በኋላ በላክሽው አጭር ወረቀት እማዬ እንዴት ሆነች ብለሽኛል። አላለቀሰችም፤ ደህና ናትም ማለት አልችልም። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ተናግራ አትቆጣም፤ ምግቤን ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ግን ፊቷን አታዞርልኝም። በሦስተኛው ቀን ጫማዬን ሳስር፣

"ለቲኬት ቀዳጅ ሥልጠና" አለች።

ቀና ብዬ አላየኋትም።

"ወንድምሽ ስልክ ሲያወራ ቁጭ ማለት አይችልም" አለች። "ከልጅነቱ ጀምሮ ይዞራል። ድምፁ ራቅ ይላል፣ ቀረብ ይላል፣ አንዳንዴ በር ይከፍታል። ከክረምት ወዲህ ድምፁ አንድ ቦታ ነው።"

"ለምን አልጠየቅሽንም ታዲያ?"

"እስክትነግሩኝ እጠብቅ ነበር።"

ከዚህ በላይ አላለችኝም። እኔም ይቅርታ ልላት ነበር። እስካሁን አላልኳትም። ለአንቺም ብዙ የምለው ነበረኝ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ስለመሆንሽ፤ ግን ስጽፈው ሁሉም የሌላ ሰው ቃል መሰለብኝና ሰረዝኩት።

ሐሙስ ወደ እናንተ ትሳፈራለች። ቲኬቱን ራሷ ሄዳ ቆርጣለች። ከእሷ ጋር እመጣ እንደሆነ ትጠይቂኝ ይሆናል። ፈቃድ የለኝም ብልሽ ታምኚኝ ነበር፤ ፈቃድ አለኝ። ብቻዋን መምጣት ነው የፈለገችው። የምትይዘው አንድ ሻንጣና ትራሷን ነው፤ በሰው ትራስ አትተኛም። አውቶቡስ ተራው ሰፊ ነው ብለሽኝ ነበር፣ እባክሽ ቀድመሽ ድረሺላት። ዓይኗ ጥሩ ስላልሆነ ቁጥር አታነብልሽም፤ አይታይሽም ወይ ብትያት ግን ይታየኛል ነው የምትልሽ።

ፊልሙን ማክሰኞ አነሱት። ሰው ማየቱን አቆመ። ፖስተሩን የፈለገ ይውሰድ አሉ። ቲኬት ሻጯ ለልጇ ወሰደችው። በቦታው የሠርግ ፊልም ተሰቅሏል። ሙዚቃው አያቋርጥም።

እህትሽ


ኅዳር 19

ለእትዬ፤

እማማ በሰላም ገብተዋል። እንቅልፋቸው ያሳስብዎት ከሆነ፣ ይተኛሉ። እኔ ከሳቸው ጋር አልጋውን ተካፍያለሁ፣ እሱ በትንሹ አልጋ ላይ ነው። ሌሊት ይነሱና የሱን ብርድ ልብስ አስተካክለው ይመለሳሉ። የማልሰማ መስዬ እተኛለሁ።

የመጡ ዕለት ከጠዋቱ ጀምሮ አላርፍ ብሎ ነበር። ነርሱን ጺሜን ይላጩኝ አላቸው። እግሩ ላይ ጋቢ ጣል አስደረገኝ፤ ትንሽ ቆይቶ "አንሺው" አለኝ፣ አነሳሁት። ወንበሩን ወደ በሩ አዞርነው። እኔ ልቀበላቸው ሄድኩ።

ሲገቡ ትራሳቸውን እንዳቀፉ ደፉ ላይ ቆሙ። እሱን አዩት፣ ከዚያ ወንበሩን አዩት። ጎማውን ብዙ አዩት።

"ይኼ ነገር ፍሬን አለው?" አሉ።

"አለው" አላቸው።

"እስቲ አሳየኝ።"

በእጁ ስቦ አሳያቸው። ጎንበስ ብለው ራሳቸው አንዴ ሳቡት፣ ለቀቁት፣ ደግሞ ሳቡት። ከዚያ ነው ግንባሩን የሳሙት። ስለ መንገዱ አወሩ። አውቶቡሱ ሁለቴ መቆሙን፣ ከጎናቸው የተቀመጠው ሰውዬ ትከሻቸው ላይ እንቅልፍ ወስዶት እንደነበር። ስለ ወገቡ ማንም አላነሳም። በማግስቱ ግን ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቁት፣ ፍራሹን፣ ነፋሱን፣ ማን እንዳነሳው፣ ሆስፒታል ምን እንዳሉት። እሱም አንድ በአንድ መለሰላቸው። እኔ ያልነገረኝን ነገር እዚያ ሰማሁ።

ፊልሙንም አልተዉትም። ራት ላይ "አሁን አውቶቡሱን ማን ይነዳዋል?" ይሉታል። "ሌላ ሰው።" "ማን?" "ገና አላሰብኩበትም፣ እማዬ።" "አስብበት፤ ሰው እኮ ይጠብቃል" ይሉታል። ያስብበታል መሰለኝ። ትናንት ሥራ ውዬ ስመለስ "ሴት ትንዳው?" ብሎ ጠየቀኝ። "ትንዳው" አልኩት።

ዓይናቸውን በተመለከተ ያሉኝ ልክ ነው። ከትናንት በስቲያ ይዣቸው መነጽር ቤት ሄድኩና አስለካኋቸው፣ መስታወቱን እኔው ቆርጬ ገጠምኩላቸው። ዛሬ ከምሳ በኋላ ሰጠኋቸው። አድርገው ቤቱን ዞረው አዩት። የግድግዳውን ስንጥቅ አዩ፣ የኔን ሽበት አዩና "ገና ልጅ እኮ ነሽ" አሉኝ። ከዚያ እሱ ጋ ደርሰው ቆሙ። እግሩን ነው የሚያዩት። ካልሲ አላደረገም ነበር።

"መቀስ አምጪልኝ" አሉኝ።

እትዬ፣ የእግሩ ጥፍር አድጎ፣ አንዱ ታጥፎ ሥጋው ውስጥ ሊገባ ደርሷል። በየቀኑ አጥበዋለሁ፣ በየቀኑ እነካዋለሁ፤ አላየሁትም። እሱም አላወቀም። መቀሱን አመጣሁ። በርጩማ ስበው ከፊቱ ተቀመጡ፣ እግሩን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

"ተዪው እማዬ፣ ነርሱ ይቆርጡልኛል" አላቸው።

"ካመመህ ንገረኝ" አሉት።

መለስ ብሎ ወደ መስኮቱ አየ። መቀሱ ድምፅ ያሰማል፣ ጥፍሩ ወለሉ ላይ ይወድቃል። ትንሽ ቆይቶ ከመስኮቱ ተመለሰና እጃቸውን ማየት ጀመረ። እኔ መቆሚያ አጥቼ በሩ ጋ ነበርኩ። የታጠፈው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ጎንበስ አሉ።

"አመመህ?" አሉት ቀና ሳይሉ።

እግሩን አየው።

"ትንሽ" አላቸው።

"እንግዲያ ቀስ እላለሁ" አሉና፣ ቀስ አሉ።

አክባሪዎ